የወንድሜን ድንጋይ በአራተኛነት ስላስገቡልን

ለክቡር ሚስተር ኦስመንድ ፊንሌ፣
የደሴታችን የካርያኩ የጎብኚዎች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ እንዲሁም ያ በወደቡ መንገድ ሲያልፍ ዓይን የሚወጋው አዲሱ ነጭ አውቶቡስዎ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ፣ እናቴና አክስቴ ታንቲ ኤልቪና እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ታላቅ ወንድሜ ኬንደን ብቻ ከሁለት ዓመት በፊት ባሕር ላይ ስለሞተ እንደ ድሮው አይደለም። ይህንንም እርስዎ በሚገባ ያውቃሉ፤ አለዚያማ «በካርያኩ ሊያመልጥዎት የማይገባ አሥር ነገር» ባሉት ባለቀለም ወረቀት ላይ የመቃብር ድንጋዩን መትከያ ድግስ ከኤሊዎች ጋር ከመዋኘት ቀጥሎ፣ ከሩም መጠጥ ቅምሻ አስቀድመው በአራተኛነት ባላስቀመጡልን ነበር። ኬንደን በትምህርት ቤት ዘመኑ አራተኛ ወጥቶ አያውቅም። እናቴ ኮርታለች።

ምስጋናዬን በተራ በተራ እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩. ስለ እንግዶቹ። ድንጋዩ ወደ መቃብሩ ከመሄዱ በፊት በሟቹ አልጋ ላይ ነጭ አንሶላ ለብሶ እንደሚተኛ ለእርስዎ ለደሴቱ ልጅ መንገር ድፍረት ነው። ከአውቶቡስዎ የወረዱት እንግዶች ግን የሽማግሌዎቹን አግዳሚ ወንበር ሞልተው «ትርኢቱ መቼ ነው የሚጀምረው?» ይሉን ጀመር፤ አንዲት ሰፊ ባርኔጣ ያደረገች ሴትዮም ከድንጋዩ ጎን ጋደም ብላ ፎቶ ተነሣች። ታንቲ በበሩ ብቅ አለችና «አንቺ! እሱ በሕይወት እያለ እንኳ እዚያ አልጋ ላይ ሴት ድርሽ አትልም ነበር!» ብላ ጮኸችባት። ሴትዮዋ ይህም የዝግጅቱ አካል መስሏት አጨበጨበች።

፪. ስለ ሳህኑ። ለሟቾች የቀረበው ምግብ ለብቻው ክፍል ውስጥ ይቀመጣል፤ በሩ ይዘጋል፤ እነሱ መጥተው እስኪቀምሱ ማንም አይነካውም። እናቴ ኬንደን የሚወደውን ዶሮ፣ የተጠበሰ ዓሣና የበቆሎ ገንፎ ከምራ አስቀምጣለት ነበር። ከበሮው እየተመታ ታንቲ በሩን ብትከፍተው ሳህኑ ባዶ፣ አጥንቱም የተጋጠ! «በላ! ኬንደን በላ! ኧረ ጠርጎ ነው የበላው ልጄ!» ስትል ግቢው ተገለበጠ። ከበሮ መቺዎቹ እጃቸው እስኪላጥ ደለቁ፤ እናቴ ቀሚሷን ሰብስባ ጨፈረች፤ እኔም፣ ለክፍሌ ልጆች እንዳይነግሩብኝ እንጂ፣ እያለቀስኩ ዘለልኩ፤ ኬንደን ሳህን ሲያጸዳ ልክ እንዲያ ነበርና። በዚህ መሐል ቀይ ሸሚዝ የለበሱ አንድ እንግዳ በጓሮው በር ብቅ ብለው፣ አፋቸውን እየጠረጉ፣ እጅግ በትሕትና «ሲጣፍጥ! ጨው ብቻ ነው የረሳችሁት» አሉን።

ከበሮው ቆመ። እናቴ መሬት ላይ ዝርፍጥ አለች። ምን ሆነች ብዬ ስሮጥ፣ ትንፋሿ እስኪቆራረጥ እየሳቀች ነው። ከቀብሩ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። ለዚህኛው ከልቤ አመሰግንዎታለሁ፤ ይህ አሽሙር አይደለም።

፫. ስለ ምክርዎ። እኚሁ እንግዳ ከአምስት ሦስት ኮከብ ብቻ ስለሰጡን ለሚቀጥለው ምግቡ ላይ ጨው እንድንጨምር፣ ድግሱንም መርከብ በሚገባበት በየረቡዑ እንድናደርገው እርስዎ በሹፌርዎ በኩል መክረውናል። ለሙታን በጨው እንደማይበሰል አያትዎ ሳይነግሩዎት አልቀሩም፤ ታንቲ እሳቸውን ታውቃቸው ስለነበር «ይሄን ቢሰሙ ይቀጠቅጡት ነበር» ብላለች። የየረቡዑን በተመለከተ፣ በሳምንት አንድ ሰው ማዋጣት ይኖርብናል፤ መንደራችን ትንሽ ስለሆነች እስከ ገና አናደርስዎትም። ምናልባት ጽሕፈት ቤትዎ ጥቂት ሠራተኞች ቢያበድረን።

አሁን ቀልዱን ልተው። የሟቹን ሳህን በሕይወት ያለ ሰው ስለበላው ሽማግሌዎቹ ድግሱ አልተቆጠረም ብለዋል፤ ድንጋዩም ሳይተከል ወደ አልጋው ተመልሷል። የኬንደን አልጋ ከእኔ አልጋ ጎን ነው። የቤት ሥራዬን የምሠራው ድንጋዩ ላይ ለተቀረጸው ስሙ ጀርባዬን ሰጥቼ ነው። ድንጋዩ ራስጌው ላይ እስኪቆም እሱ አያርፍም፤ እኛም አናርፍም። የፊታችን ቅዳሜ እንደገና እንደግሳለን። የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እስከዚያ አራተኛውን ከወረቀትዎ ያውጡልን፤ አውቶቡስዎንም ወደ ኤሊዎቹ ይስደዱልን። ኤሊዎቹ ሐዘን የለባቸውም።

መርከቦችዎ በሰላም እንዲገቡ፣ ኮከቦችዎም እንዲበዙ እየተመኘሁ፣ ከተዘረጋልን ውለታ ሥር ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣ፣

የአራተኛው መስህብ ታናሽ ወንድም፣
ጀርቪን ኮምፕተን፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ

ማስታወሻ፦ ከድግሳችን ማንም አይባረርም፤ እርስዎም ቢመጡ እናበላዎታለን። ሆኖም ድንጋዩን ወደ መቃብሩ ኮረብታ ለማውጣት እኩል ቁመት ያላቸው ስድስት ሰዎች ያስፈልጋሉ፤ የእኔ ትከሻ ገና አልደረሰም። የመንደሩን ሸክም ሁሉ የሚሸከሙት ስድስት ጓደኛሞች ነበሩ፤ አምስቱ አሉ፤ ስድስተኛው ኬንደን ነበር። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ቁመትዎ ከአምስቱ ጋር እኩል ነውና ሁለቱንም እጅዎን ባዶ አድርገው ይምጡ።