ቆሎ የጠቀለልኩባት ወረቀት

ብዕሩን የያዘችው ፀዳለ ናት። ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግታ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የምትጽፈው፣ አንቺንም በልጅነትሽ ከረሜላ ታበላሽ የነበረችው ፀዳለ። እጁ የሷ ነው፤ አፉ ግን የእኔ የአባትሽ የሁመድ ነው። "ትንሽ ላሳምርልዎ" ብላኝ ነበር፤ "አታሳምሪብኝ፣ ያልኩትን ብቻ ጻፊ" ብያታለሁ። ስለዚህ ሸካራ ነገር ካገኘሽ ከእኔ ነው፤ ያማረ ነገር ካገኘሽ ግን ሰርቃ ያስገባችው እሷ ናት።

ለልጄ ለመርየም። አሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላሂ። እንደምን ከረምሽ? የጅቡቲ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ወገብሽንስ ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽ አብዱሰመድ ደህና ነው? ሥራውስ ቀናው? የልጅሽ የሺፋ የፊት ጥርስ ወልቋል ብለሽኝ ነበር፤ በቀለ ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ከናንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም። የእናትሽ ጉልበት ብርድ ሲመጣ ያነክሳል፤ ምላሷ ግን አላነከሰም። የእኔም ጥርስ ቆሎ መብላቱን ትቷል፤ እጄ ግን መሸጡን አልተወም።

ይህን ሁሉ በስልክ ለምን አልነገርከኝም እንዳትዪ። ጆሮዬ ስለደከመ ድምፅ ማጉያውን ነው የምከፍተው። አንቺ እዚያ ስታስነጥሺ እዚህ የጠመንጃ ያዥ ሰፈር ሰው ሁሉ "ይማርሽ" ይልሻል። ባለፈው ስለ ወገብሽ ያጫወትሽኝን በማግስቱ ሥጋ ሻጩ "ለልጅህ የበሬ መቅን ላክላት" ብሎ መድኃኒት አዘዘልሽ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ለሰላምታ ብቻ ነው። የልብ የልቡን በደብዳቤ፣ ጅቡቲ በሚመላለሰው ሹፌር በሱፍያን እጅ፣ ከጭነት መኪናው ጋር እልክልሻለሁ።

እንደተቀየምሽኝ አውቃለሁ። የመኖሪያ ፈቃድሽን ለማደስ የልደት ወረቀትሽንና የመታወቂያሽን ኮፒ ጠይቀሽ፣ ያንቺ ስልክ ተሰብሮ፣ የአብዱሰመድም ባለ ቁልፍ ሆኖ ፎቶ ስለማይቀበል፣ አብራሽ ለምትሠራው ሴትዮ ስልክ በፎቶ ላክ ብለሽኝ ነበር። እኔም ሳምንት ሙሉ ልላክ ልላክ ስል ቆይቼ ጭራሽ ተውኩት። እናትሽ "ግትር" ብላኛለች። ግትርነቴን አልክድም፤ አሁን ግን ምክንያት አለኝና ስሚ።

ቆሎና ለውዙን በምን እንደምጠቀልል ታውቂያለሽ። ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ኩማ ማሽኑ ያጨማደደውን፣ ያደበዘዘውን፣ አጣሞ ያወጣውን ወረቀት በካርቶን ያጠራቅምልኛል፤ እኔም ጠዋት ጠዋት አንድ እፍኝ ለውዝ አቀብለዋለሁ። ወረቀቱ በአንድ ወገን ተጽፎበታል፣ በሌላው ወገን ንጹሕ ነው። ቀለም ቆሎዬን እንዳይነካብኝ ንጹሑን ወደ ውስጥ፣ የተጻፈበትን ወደ ውጭ አድርጌ እጠቀልላለሁ። ይህን ብልሃት ያወጣሁት እኔ ነኝ። እኮራበትም ነበር። ሌሎቹ ቆሎ ሻጮች ቀለም ሲያበሉ እኔ ንጹሕ አበላለሁ እል ነበር።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ጠዋት አንዲት ልጅ እግር እናት ሕፃን አዝላ መጣች። ስሟን አልነግርሽም፤ ስሟ የሷ ነው። ባለጉዳይዋ ልበላት። አንድ ስኒ ቆሎ ሰፍሬ ሰጠኋት። ሁለት እርምጃ ሄዳ ቆመች፤ ጥቅልሉን ስትፈታው ቆሎው መሬት ላይ ተበተነ፤ ፊቷ አመድ መሰለ። "አባባ፣ ይህን ወረቀት ከየት አመጡት?" አለችኝ።

ለካስ ከሚደበድባት ባሏ ሸሽታ ሌላ ሰፈር ቤት ተከራይታ ከልጇ ጋር የምትኖር ናት። አድራሻዋን ለእሱ እንዳይነግርባት ለፍርድ ቤቱ ሁለት ገጽ አስጽፋለች። የጻፈችላትም ይህችው ብዕሬን የያዘችው ፀዳለ ናት። በዋዜማው ባለጉዳይዋ ኩማ ዘንድ ኮፒ ስታስደርግ ማሽኑ ሁለቱንም ገጽ አጨማዶ ተፋቸው፤ እሷ ደህናውን ይዛ ሄደች፤ የተጨማደደው ለእኔ ደረሰኝ። እጇ ላይ የወደቀው ሁለተኛው ገጽ ነው። ስሟ፣ ስልኳና የተደበቀችበት የቤት ቁጥር ያለው የመጀመሪያው ገጽ ግን የለም። ሰውየው ደግሞ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ቀጠሮ አለው፤ እዚሁ አጥር ሥር ያልፋል።

አባትሽ ምን አለ መሰለሽ? "እኔ ምን አውቄ! ፊደል አልቆጠርኩ፤ ለእኔ ወረቀት ወረቀት ነው" አልኳት። እሷም "አባባ፣ እርስዎ ባያነቡት የሚገዛዎ ያነበዋል" አለችኝ፣ ሰው ፊት። ደሜ ፈላ። "አርባ ዓመት እዚህ ስቀመጥ ሌባ ያለኝ የለም!" ብዬ ጮህኩባት። ሌባ አላለችኝም፤ ቃሉን ያመጣሁት እኔው ነኝ።

ላሳፍራት ብዬ ፀዳለን ጠራኋት። "ነይ፣ ይህን ክምር አንብቢና ተራ ወረቀት መሆኑን ንገሪልኝ" አልኳት። የመጀመሪያውን አነበበች፤ የአንድ ሰው የደም ምርመራ ውጤት ነው፣ ከነስሙ። ሁለተኛውን ጀመረችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ሦስተኛውን አጥፋ አስቀመጠችው። "ምነው ዘጋሽ?" ብላት "ጋሽ ሁመድ፣ ይህ ጮክ ተብሎ የሚነበብ አይደለም" አለችኝ።

አራተኛውን እኔው አነሳሁት። እሱን ለማንበብ ፀዳለ አላስፈለገችኝም። አንቺ ነበርሽ፣ መርየም። ግማሽ ፊትሽ በጥቁር መስመር ተሰርዟል፤ ግን ከውኃው በርሜል ላይ ወድቀሽ ቅንድብሽ ላይ የቀረችው ጠባሳ ቁልጭ ብላ አለች። አንቺ ዘንድ ልልክ ኩማ ቤት ያስደረግሁት ኮፒ ነው፤ ማሽኑ ያበላሸው። ፀዳለ ከሥርሽ ያለውን ስታይልኝ የመታወቂያ ቁጥርሽ፣ የተወለድሽበት ቀን፣ የእኔም ስም ተደርድሯል። ትንሽ ብቆይ ኖሮ ፊትሽን ወደ ውጭ አድርጌ፣ ቆሎ ሞልቼብሽ፣ ለማላውቀው ሰው "እንካ" እልሽ ነበር። ፊደል አልቆጠርኩም፤ የልጄን ፊት ግን አነባለሁ። ያን ጊዜ ነው ባለጉዳይዋ ምን እንዳለችኝ የገባኝ።

ይቅርታ አልኳት። አዎ፣ እኔ። ፀዳለ እዚህ ላይ ብዕሯን አቁማ እየሳቀችብኝ ነው፤ ይሁን፣ ትሳቅ። ፀዳለ ክምሩን እስከ ታች ፈተሸች፤ ገጹ የለም። ከዚያ እሷን አስከትዬ ተነሳሁ። ደብተር ባይኖረኝም ጭንቅላት አለኝ፤ ከባለጉዳይዋ በፊት ስንት ሰው እንደገዛኝ፣ ማን ለውዝ ማን ቆሎ እንደወሰደ አውቃለሁ። ሦስት ናቸው። አንደኛው የበሩ ጥበቃ ነው፤ ጥቅልሉ ገና እጁ ላይ ነበር፤ ቀማሁት፣ የሷ አይደለም። ሁለተኛው ባለ ወርቅ ጥርሱ ጠበቃ ነው፤ ቢሮው ድረስ ወጣሁ፤ የሰው ኑዛዜ ላይ ለውዝ ዘርግቶ ይበላል፤ እሱም የሷ አይደለም። ሦስተኛው ከሰንጋ ተራ ልደታ ሚኒባስ የሚነዳው አሌክስ ነው።

ፌርማታው ላይ ቆመን ጠበቅነው። ባለጉዳይዋ ሕፃኑን ታባብላለች፣ ግን መባበል ያለባት እሷ ናት። እኔም ዱዓዬን በልቤ አደርጋለሁ። አምስተኛው መኪና የሱ ሆነ። "ጥቅልሉን የት ጣልከው?" ስለው "ጋሼ፣ ቆሎ አነሰኝ ብዬ ከሰስኩዎት እንዴ?" ብሎ ሳቀ። ኋላ ነገሩ ሲገባው ሳቁን አቆመ። መስኮቱ እየተንኳኳ ስላስቸገረው ወረቀቷን አጥፎ መስተዋቱ ሥር ሸጉጧታል። ጠዋቱን ሙሉ ሰው ራሱን ሲያስደግፍባት አርፍዳለች! መዘዝናት፤ ፀዳለ ዓይኗን ጣል አድርጋ "እሷው ናት" አለች። ባለጉዳይዋ ወረቀቷን ደረቷ ላይ ይዛ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለች፤ አለቀሰችም ሳቀችም። አሌክስ "ጋሼ፣ መስኮቴን አራቆቱት" ሲለኝ ከቆሎ ካርቶኔ ጫፉን ቀድጄ ሸጎጥኩለት። አሁንም እሱ ነው የያዘለት።

ከሰዓት በኋላ ሰውየው መጣ። እሱ መሆኑን ያወቅሁት ፀዳለ በዓይኗ ስትጠቅሰኝ ነው። ልብሱ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ ለስላሳ። "አባት፣ አንድ ስኒ ቆሎ" አለኝ። መዳፉ ላይ ገለበጥኩለት። "መጠቅለያ የለም እንዴ?" አለኝ። "አልቋል" አልኩት። ቆሎውን በሁለት እጁ ታቅፎ እንደ ለማኝ ቆመ። ወላሂ መርየም፣ አርባ ዓመት ስሸጥ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በማግስቱ ኩማ ላይ ሄጄ ጮህኩበት። እሱም "ጋሽ ሁመድ፣ ወረቀቱን ስጠኝ ብለው የለመኑኝ እርስዎ አይደሉም?" አለኝ። እውነቱን ነው። ቁጭ ብለን ተነጋገርን። ለካስ ወረቀቱ ትንሹ ነገር ነው። ሰው ማስረጃውን እንዲያትምለት በቴሌግራም ወደ ሱቁ ስልክ ይልካል፤ እሱ ያትማል፤ ፎቶው ግን እዚያው ይቀራል። ስልኩን ከፍቶ ሲያሳየኝ በጣቱ ቢገፋው ቢገፋው አያልቅም፤ የስንቱ ሰው ፊት በአንድ ስልክ ሆድ ውስጥ ተኝቷል። ኩማ ክፉ ልጅ አይደለም፤ እንደኔው አላሰበበትም እንጂ። አሁን የፎቶው ባለቤት ፊት ለፊት ቆሞ እያየ ነው የሚያጠፋው፤ ከኮምፒውተሩም ጭምር። የማመልከቻ ጸሐፊዎቹም ከሱ ጋር አዋጥተው ወረቀት መቆራረጫ ማሽን ገዝተዋል። የተበላሸውን ወረቀት ሲያጎርሱት እንደ ጎመን ከትፎ ይተፋዋል። መጀመሪያ ያጎረስኩት እኔ ነኝ፤ ካርቶኑን ሙሉ።

የእኔንም ጉድ ልንገርሽ። የስልኬን የምስጢር ቁጥር ለኩማ እየጮህኩ ነበር የማስነካው፤ ምስጢሩን የማያውቅ ያለ እንደሆነ መንገደኛ ብቻ ነው። "በጣትዎ ይቆልፉት" አሉኝና ጣቴን አስነካሁት፤ ስልኩ አላውቅህም አለኝ። አርባ ዓመት ትኩስ ቆሎ ያሸ ጣት ምን መስመር ይቀረዋል? ቁጥር ግን አውቃለሁ፤ ነጋዴ ነኝ። አዲስ ቁጥር መረጥኩና ራሴ መንካት ተማርኩ። እናትሽ "ምንድን ነው?" አለችኝ፣ አልነገርኳትም። ፀዳለም አሁን ጠይቃኛለች። ጻፊ፣ አልነገርኩሽም።

ቆሎዬን የምጠቀልለው ከማተሚያ ቤት በማመጣው ባዶ ቁራጭ ነው። ባለ ወርቅ ጥርሱ ጠበቃ "ጋሽ ሁመድ፣ የጠዋት ንባቤን ቀሙኝ" ብሎ አጉረመረመ፤ "መጽሐፍ ይግዙ" አልኩት። ባለጉዳይዋም ባለፈው ሳምንት መጣች። ቤቷን መልቀቅ አላስፈለጋትም፣ ማንም አልደረሰባትም፣ ሕፃኗም ቆሞ መሄድ ጀምሯል። ጥቅልሉን ስሰጣት በውስጥም በውጭም አገላብጣ አየችው፤ ባዶ ነው። ሳቀችና ሁለተኛ ስኒ ጨመረች።

እንግዲህ ያቺ ሴትዮሽ ጥሩ ሰው ትሆናለች፤ ስልኳ ግን የማን እጅ እንደሚገባ አንቺም እሷም አታውቁም። ለዚህ ነው ዝም ያልኩት። ዝም ማለቴ ግን ጥፋት ነው፤ ቀድሜ ልነግርሽ ይገባ ነበር። ኮፒዎችሽ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ናቸው። ፀዳለ በእያንዳንዱ ላይ በሰያፍ "ለመኖሪያ ፈቃድ ማደሻ ብቻ" ብላ ከነቀኑ ጽፋበታለች፤ ለሌላ ነገር የሚመኝ ቢኖር አይጠቅመውም። ፖስታውን እናትሽ በጨርቅ ሰፍታ አፉን የጆንያ ቋጠሮዋን ቋጥራዋለች፤ ያንቺና የሷ እጅ ብቻ የሚያውቀውን። ቋጠሮው ሌላ ሆኖ ከደረሰሽ ወዲያው ደውዪልኝ። ካልሆነ አብሽሪ።

ያቺን የተበላሸች ኮፒሽን ማሽኑ ላጎርሳት ስል እጄ እምቢ አለኝ። ፀዳለ በመቀስ ፊትሽን ብቻ ቆርጣ ሰጠችኝ፤ ቁጥሩን ማሽኑ በላው። አሁን ደረት ኪሴ ውስጥ ነሽ፤ ፊትሽ ወደ ውስጥ፣ ባዶው ወደ ውጭ።

አብዱሰመድን ጉንጩን ሳሚልኝ፤ የልጄ ባል ሳይሆን ልጄ ነው በዪው። ሺፋን ዓይኗን ሳሚልኝ፤ ፎቶዋን ግን ለሰው ሁሉ አትበትኚ፣ ጥርሷ ሲበቅል መጥታ ታሳየኝ። እናትሽ ነፊሳ ግንባርሽን ስማለች፤ ደብዳቤ አጠረ ብላ ታኮርፋለች። ኩማም አሌክስም ሰላም ብለውሻል። ፀዳለም፣ ስትጽፈው ብታፍርም፣ ናፍቀሻታል።

አባትሽ ሁመድ
ልደታ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.

በይ ፀዳለ፣ አሁን ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ድምፅሽን ግን ዝቅ አድርጊው፤ መንገደኛ ይሰማል።