በሦስተኛው ትቀበላለች

ጥር 20 ቀን 2012 ዓ.ም.
ከጉና ሥር

ለቀድሞው ጎረቤቴ፣

እንደምን ከርመሃል? የአዲስ አበባ ብርድ ለጉና ልጅ ብርድ አይባልምና ስለ እሱ አልጠይቅህም። ሥራህስ፣ ቤትህስ፣ ያ ክረምት በገባ ቁጥር የሚያስልህ ደረትህስ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ገብሱ ተወቅቶ ገብቷል፤ ድንቹንም ዘንድሮ ውርጭ ሳያገኘው አወጣነው። እናትህ እማማ እቴነሽ ደህና ናቸው፤ ጉልበታቸው ብቻ ዳገት እምቢ ብሏቸዋል። አባቴም ዛሬ ድረስ እንደ ልጃቸው ያነሱሃል። ይህን ደብዳቤ እንደምጽፍልህ ግን አያውቁም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። በስልክ ስቆጣ እንደማለቅስ ታውቃለህ። በወረቀት ከሆነ እንባዬን ጠርጌ እቀጥላለሁ፤ አንተም መሐል ገብተህ ልታስቀኝ አትችልም።

የላክሃቸው እንግዶች ባለፈው ሐሙስ ደረሱ። በዕድሜ የገፉ ፈረንጆች፣ ባልና ሚስት። ለአባቴ ደውለህ እንደ ዘመድ አንድ ቀን ያሳድሩልኝ ብለህ ነበርና ደስታቸውን አልቻሉትም። ያ ልጅ ከተማ ገብቶም ቤታችንን አልረሳ እያሉ ለጎረቤቱ ሁሉ አወሩ። ለፋሲካ ያሉትን በግ አረዱ። አልጋቸውን ለቀው እሳቸው መደብ ላይ ተኙ። እኔም ከትምህርት ቤት ፈቃድ ወስጄ ምድጃ ሥር ዋልኩ፤ እንግሊዝኛ አስተማሪ በመሆኔም አስተርጓሚነቱ በእኔ ላይ ወደቀ። ሰዎቹ ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ አንዳች ጥፋት የለባቸውም። ሴትዮዋ ድንች ካልላጥኩ ብላ ቢላዋ ስትቀማኝ ነበር። ባልየው አባቴ የቀዱለትን ጠላ ሁሉ እየጠጣ፣ ቋንቋ ሳይግባቡ ሲሳሳቁ ዋሉ።

በማግስቱ ጠዋት ሹፌሩ ናትናኤል መኪናውን አስነሥቶ ሲጠብቅ ሴትዮዋ ወደ እኔ መጣች። በሁለት እጇ ፖስታ ዘረጋችልኝ። አይሆንም፣ እንግዶቻችን ናችሁ አልኳት። እንደገና ዘረጋች። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ አሁንም እምቢ አልኩ። ፈረንጅ አንዴ እምቢ ካሉት ወይ ይደነግጣል ወይ ይቀየማል። ይህቺ ግን ምንም አልመሰላት፤ ፈገግ ብላ ለሦስተኛ ጊዜ ዘረጋች። እውነቱን ልንገርህ፣ ልቀበላት ነበር። ዓይኗ ደግ ነው፤ እጄም ከደረቴ ተነሥቶ ነበር። ያን ጊዜ ወደ ባሏ ዞር ብላ ልክ ወረቀቱ እንዳለው ነው አለችው።

የቱ ወረቀት ብዬ ጠየቅኳት። ምንም ሳትጠረጥር ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችኝ።

ቆሜ አነበብኩት። ከግርጌው ስምህና ስልክህ አለ። አገራችንን የሚጎበኝ እንግዳ ለማን፣ መቼና እንዴት ጉርሻ እንደሚሰጥ ዘርዝረሃል። ለሆቴል አስተናጋጅ ሒሳብ ሲከፈል፣ ለሹፌር በመጨረሻው ቀን፣ በቅሎ ለሚስብ ከተራራው ሲወረድ በእጁ። ቤተ ክርስቲያን ለሚከፍቱላችሁ ቄስ በእጃቸው አትስጡ፣ ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ ጨምሩ ብለሃል። መንገድ ላይ ለሚከተሏችሁ ልጆች ብርም ከረሜላም አትስጡ፣ ትምህርታቸውን ይተዋሉ ብለሃል። እስከዚህ ድረስ፣ እውነቴን ነው፣ ኮራሁብህ። አገሩን የሚያውቅና ሰው የሚያከብር ሰው የጻፈው ነው። ከዚያ ቀጥሎ እኛ መጣን።

ከጉና ሥር በምታድሩበት ቤት አንዲት ሴት አለች ይላል። ምግቡን የምትሠራው እሷ ናት። ገንዘብ ስትሰጧት ሁለት ጊዜ እምቢ ትላለች። እንዳታፍሩ፤ እምቢታዋ የአገሩ ወግ ነው እንጂ የልቧ አይደለም። በሁለት እጃችሁ ስጧት፣ በሦስተኛው ትቀበላለች።

አንዲት ሴት! ከበቅሎ ሳቢው ቀጥሎ አንዲት ሴት! አስተናጋጅን ንቄ እንዳይመስልህ። ሠርቶ የሚያድር ሰው ጉርሻው ሐቁ ነው፤ ያንተም እንጀራ ከዚያው ነው። እኛ ግን መቼ ሠራንልህ? ዘመድ ብለህ ብትልክ ዘመድ ብለን ተቀበልንልህ እንጂ። አባቴ እንግዳ የእግዜር ነው ብለው አልጋቸውን ሲለቁ፣ ቤታቸው ታሪፍ እንደወጣለት በምን ይወቁ? ይህን ስትጽፍ እጅህ ትንሽ አልከበደህም? ወይስ ከተማው እሱንም አስረሳህ?

ለሦስተኛ ጊዜ እምቢ አልኳት። ሴትዮዋ ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች፣ ወረቀቱን መልሳ አየች። ያስቀየመችኝ መስሏት ዓይኗ እንባ ሞላ። ናትናኤል ከመኪናው ወርዶ ኧረ እባክሽ ተቀበያት፣ መንገዱን ሙሉ ስታዝን ልትውል ነው ብሎ በጆሮዬ ለመነኝ። አባቴ ደግሞ ዱላቸውን ተደግፈው ምንድን ነው የምትከራከሩት፣ ወረቀቱስ ምን ይላል አሉኝ። ምን ልበላቸው? የምስጋና ቃል ነው አልኳቸው። ደስ ብሏቸው ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው መረቋቸው። በዚህ ዕድሜዬ አባቴን ዋሸሁልህ፤ ይህንንም በኃጢአትህ ላይ ደምርልኝ። ፖስታውን በአራተኛው ለሴትዮዋ እንባ ስል ተቀበልኩ። አልከፈትኩትም። ነገ ማርያም ናት፣ ለቤተ ክርስቲያን እሰጠዋለሁ።

እስከዚህ ያለውን ብቻ ጽፌ፣ ቤታችንን ከወረቀትህ ሰርዝ ብዬ ላበቃ ነበር። ነገር ግን ከዓርብ ጀምሮ አንድ ነገር እህል አላስበላ አለኝ።

የዛሬ ሰባት ዓመት ኅዳር ላይ ሽማግሌዎችህ ሁለት ጊዜ መጥተው አባቴ ሁለት ጊዜ መለሷቸው። መጀመሪያ ልጅቷ ትምህርቷን አልጨረሰችም አሉ፤ ቀጥሎ ከዘመድ ልምከር አሉ። የልጅ አባት እንዲያ ነው የሚለው፤ ልጁን በአንድ ቃል አይሰጥም። ሦስተኛውን ለእሁድ ቀጠሯቸው። ጠላው ደረሰ፣ ቤቱ ተለቀለቀ፣ እኔ ጓዳ ሆኜ ውሻ በጮኸ ቁጥር ልቤ ሲመታ ዋለ። የመጣ የለም። ሰኞ እማማ እቴነሽ እያለቀሱ ገብተው ልጄ እምቢታው አንገብግቦት አዲስ አበባ ሄደ አሉን።

ያንን አምኜ ኖርኩ። አልፈረድኩብህም። ልጅ ነው፣ ወጉ አልገባውም፣ የአባቴን ቃል የእኔ ልብ አድርጎ ወሰደው አልኩ። ይልቅ አባቴን ተቀየምኳቸው፤ ሁለት ወር በቅጡ አላናገርኳቸውም፣ ምስኪን። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ሽማግሌዎች ሲመጡ መልሷቸው የምለው እኔ ነበርኩ። ያቆሰልኩት ሰው አለ፣ አንድ ቀን ቁስሉ ሲሽር ይመለሳል እያልኩ። በዚህ ጥርም ደረጄ የሚባል የእብናት ጤና መኮንን ሽማግሌ ልኮ፣ ሁለት ጊዜ መጥተው ተመልሰዋል። ለመጪው እሁድ ተቀጥረዋል። ጨዋ ሰው ነው ይሉታል። አባቴ ምን ልበላቸው እያሉ ዓይን ዓይኔን ያያሉ። እስከ ዓርብ ጠዋት ድረስ መልሴ ያው የተለመደው ነበር።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ሞኟ ሰባት ዓመት ይዛ ኖረች። ወረቀቱ ደግሞ ይኸው፣ ባንተ ቃል፣ እምቢታዋ የአገሩ ወግ ነው እንጂ የልቧ አይደለም ይላል።

ታውቅ ነበር ማለት ነው። ሌላ የምጠይቅህ የለኝም።

ቤታችንን ሰርዝ ማለቱን ትቼዋለሁ። አባቴ እንግዳ ይወዳሉ፣ ከእንግዲህ ደግሞ ብቻቸውን ይሆናሉና ላክላቸው። ፖስታ ግን ማንም እንዳይዘረጋባቸው፤ የአገሩ ሰው እንደሚያደርገው ስኳርና ሳሙና ይዘው ይምጡ። ስለዚያች አንዲት ሴት የጻፍከውን ብቻ አውጣው። ሁዳዴ ሳይገባ ከዚያ ቤት ትወጣለች።

መድኃኔ ዓለም መንገድህን ያቅናልህ። ከወጣህበት ሁሉ በሰላም ይመልስህ፣ ከክፉ ነገር ይሰውርህ። ለእናትህም ቶሎ ቶሎ ደውልላቸው፤ ስልካቸውን ከጉያቸው አይለዩትም።

በአጥር የምንለያይ ጎረቤትህ የነበርኩት