አሺ ማለት እግር ነው

ለምወድሽ እናቴ ለወይዘሮ ገበያነሽ፣

እንደምን ከርመሻል እማዬ? ጤናሽስ? ስኳርሽስ? እግርሽስ? ደግሜ ልጠይቅሽ፣ እግርሽስ? እኔ አምላክ ይመስገን ጤነኛ ነኝ፤ ሐሳብ ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። ደብዳቤ የጻፍኩት በስልክ ስጠይቅሽ «አንቺ ብቻ ደህና ሁኚልኝ» እያልሽ ወሬ ስለምትቀይሪብኝ ነው። ወረቀት ዝም አያሰኙትም፤ እህቴ ቲጂ ጮክ ብላ ታነብልሻለች።

እዚሁ አትላንታ አጠገብ፣ ማሪዬታ ውስጥ፣ ለሥራ የምንከባከባቸው ጃፓናዊት አሮጊት፣ ወይዘሮ ፉሚኮ፣ እንዳንቺው ስኳር አለባቸው። የመርሳት በሽታ ከያዛቸው ወዲህ እንግሊዝኛው ጠፍቶባቸው የቀራቸው ያገራቸው ቋንቋ ብቻ ነው። ልጃቸው ኤሚ መጀመሪያ ያስተማረችኝ ቃል «አሺ» ነው፤ እግር ማለት ነው። እንደኛው ከጭን እስከ ጣት ያለው ሁሉ አሺ ነው። ሯጩን አሺው ፈጣን ነው ይሉታል፤ መምጣት የተወ ዘመድ ደግሞ አሺው ራቀ ይባላል። ይቺን ስሰማ ሆዴ ባባ፤ የኔ አሺ ካንቺ ደጅ ከራቀ ስንት ዓመቱ!

ኤሚ ለሥራ ሌላ ከተማ በሄደችበት ሰሞን ወይዘሮ ፉሚኮን ሳጥባቸው፣ ግራ እግራቸውን እያሳዩ «አሺ?» አሉኝ። ቃሉን በማወቄ ደስ ብሎኝ፣ እንደለመድነው ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ አዎ አልኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ፤ እግራቸውን ብርድ ልብስ ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ወዲያ አላስነካ አሉኝ። እኔ ሞኟ አፍረው ነው ብዬ ከነካልሲያቸው ተውኳቸው።

ኤሚ ተመልሳ ካልሲውን ብታወልቅ አውራ ጣታቸው ሥር ቆስሎ አመርቅዟል። ለምን እንደደበቁ ስትጠይቃቸው፣ ኑሃሚን እግሬን አይታ ስለደነገጠች ከፍቶብኛል ብዬ ፈራሁ አሏት። ያቺ ያገራችን አዎ ለሳቸው ድንጋጤ ነበረች! ኤሚ አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ጣቱ ይትረፍ አይትረፍ ሐኪሙ ሐሙስ ይነግረናል። እስከዚያ ድረስ እህል አይወርድልኝም።

እማዬ፣ ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ቢቆስል ላያመው ይችላል ብሎኛል ሐኪሙ። ባለፈው ቲጂ «እማዬ ታነክሳለች» ስትለኝ፣ አንቺ ጫማው ጠቦኝ ነው አልሽ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን የሰማሁት ካንቺው አፍ አይደል እንዴ?

ጋሽ ይገዙን ጉልበታቸውን ስሙልኝ። ወንድሜን ኢሳያስን ፈተናው ይቅናህ በሉልኝ። እትዬ የሺእመቤት ጸሎታቸው አይለየኝ፤ ለወይዘሮ ፉሚኮም ይጸልዩልኝ።

ቲጂዬ፣ አንቺን መጨረሻ ያደረግኩሽ ሥራ ስላለሽ ነው። አሁን ወረቀቱን አስቀምጪና የእማዬን ካልሲ አውልቂ።

ልጅሽ ኑሃሚን

አትላንታ፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.