በራሱ የሚበራው አምፖል

ዓብዱ፣ አካም፣ ናጋ?

ወደ አሬሮ የሚወስደኝ መኪና ጥሩንባ እየነፋብኝ ነው። ዝውውሬ ደረሰና ሄድኩ። ልነግርህ ሦስት ማታ ጠብቄህ ነበር።

አምፖሉን አልነቀልኩትም። ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሰዓቱ ሲደውል ከጀርባው ያለው የደወል መሙያ ይዞርና ክሩን ይጠቀልላል፤ ክሩ ማብሪያውን ይስባል። አደራህን፣ ደወሉን ምሳ ሰዓት ላይ ብቻ ሙላው። እኔ ጀማሪው ማታ ሞልቼው ተኛሁ። ሰዓት ለካ ጠዋትና ማታ አይለይም! ጠዋት ሁለታችንም ሥራ ከሄድን በኋላ አብርቶት፣ ባዶ ቤት ውስጥ ሲበራ ውሎ አምፖሉም ሬዲዮውም የሚሠሩበትን የመኪና ባትሪህን ጨረሰው። ያን ዕለት ነው ኳስ ልታሰማቸው ጓደኞችህን ሰብስበህ ሬዲዮው እንቢ ያለህ።

  ከዚያ ወዲህ እህትህ ሸምሳ ቤት እያመሸህ እዚያው ማደር ጀመርክ።

ባትሪውን አስሞልቼዋለሁ። ውኃውን በየሳምንቱ እየው። ሽሮው ድስቱ ውስጥ ነው።

ከሱቅ ስትመለስ ጨለማ ቤት መግባት እንደምትጠላ ስለነገርከኝ ነበር የሠራሁት። አንተ ስትቀር ግን እኔው አንድ ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ወጥቼ ገበያውን ዞሬ እመለስ ነበር። መስኮቱ በርቶ ከሩቅ ሳየው፣ ቤት ውስጥ የሚጠብቀኝ ሰው ያለ ይመስለኝ ነበር። እስክገባ ድረስ።

ዛሬም ደወሉን ሞልቼዋለሁ። መብራቱን አይተህ፣ አለ ብለህ ገብተህ ከሆነ፣ ይቅርታ።

ሸዋንግዛው