ከጣሪያው ላይ ምን ይታይሽ ነበር?

ይድረስ ለምወድሽ ለእትዬ፣

እንዴት ነሽ? ጉልበትሽ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ይንቋቋል ወይስ ያ ቅባት ረዳሽ? እማዬስ? መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ቤቱን ሙሉ ስትፈልገው መዋሏን ተወች? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። ጉንፋን ይዞኝ ነበር፣ አሁን ለቆኛል። ስለ ዘገየሁ እንደምትቆጪኝ አውቃለሁ፤ ግን ቁጣሽን ትንሽ ቆጥቢው፣ ወደ በኋላ ትፈልጊዋለሽ።

ያ የነገርኩሽ የልጆች መጽሐፍ ሊያልቅ ነው። እኔ እጽፋለሁ፣ አንዲት ሰዓሊ ትስላለች። ከምትስለው የምታጠፋው ስለሚበልጥ እመት ላጲስ እንላታለን። የምንሠራው ከማተሚያ ቤቱ በላይ ባለች ክፍል ውስጥ ነው። ታች ማሽኑ ሲነሳ ጠረጴዛችን ይንቀጠቀጣል፤ ያኔ እሷ ብሩሿን አስቀምጣ ብርቱካን ትልጣለች። በመጀመሪያ እሳትና ጭድ ነበርን። ሰማዩ ጠቆረ፣ ዛፉ ጎነበሰ ብዬ የጻፍኩትን ሁሉ በእርሳስ ትሰርዘዋለች። ለምን ስላት፣ ሰማዩን እኔ አጠቁረዋለሁ፣ አንተ የማይሳለውን ጻፍ አለችኝ። ሁለት ቀን አኮረፍኳት። በሦስተኛው ቀን ሳነበው ልክ ነበረች። እኔም ዝም አልላትም፤ የስፌት መኪናውን መዘውር በግራ በኩል ስላው እንደገና አሠርቻታለሁ። የልብስ ሰፊ ልጅ መሆን ለዚህ ጠቀመኝ።

አንድ ልማድ አላት። ማንኛውንም ገጽ ከመሳሏ በፊት የት ሆነህ አየኸው ትለኛለች። መናገር ብቻ አይበቃትም፣ እዚያው ታስቆመኛለች። በር ላይ ነበርኩ ካልኩ በር ላይ፣ አልጋ ሥር ካልኩ ጠረጴዛ ሥር። አንድ ቀን አሳታሚያችን ጠረጴዛ ሥር ተጋድሜ አገኘኝና በሩን መልሶ ዘግቶ ወጣ።

የመጽሐፉን ታሪክ ታውቂዋለሽ። ነፋሱ የጣሪያችንን ቆርቆሮ የገነጠለ ቀን ነው። አባባ ክር ሊገዛ ወጥቷል፣ እማዬም የለችም፣ ቤቱ ውስጥ የደንበኞች ልብስ ተከምሯል፣ ዝናቡ መጣ። አንድ ልጅ መሰላል ወጥቶ ቆርቆሮው ላይ ይቀመጥበታል፤ ነፋሱ እስኪያልፍ አይነሳም፣ የሰው ልብስም ይድናል። ልጁ እኔ ነኝ። አባባ ለደንበኛው ሁሉ ሲያወራ የኖረውን ነው የጻፍኩት።

ባለፈው ወር ልጁ ቆርቆሮው ላይ የሚቀመጥበት ገጽ ላይ ደረስን። እመት ላጲስ ጠረጴዛው ላይ ወንበር ጫነችና ውጣ አለችኝ። ወጣሁ። ምን ይታይሃል ስትለኝ ሳላስብ ተናገርኩ። ከጣሪያው ጫፍ የተንጠለጠሉ ሁለት እግሮች፣ አንዱ ነጠላ ጫማ ያለው፣ አንዱ ባዶ፤ ውስጥ እግሩ ጭቃ፣ ከተረከዙ የሚንጠባጠበው ውሃ ዓይኔ ውስጥ ሲገባ። እርሳሷን አስቀመጠች። ላይ የተቀመጠ ሰው የገዛ እግሩን ከሥር አያይም አለችኝ። አንተ ታች ነበርክ፤ ላይ የነበረው ማነው?

ከወንበሩ መውረዱ ራሱ አሳፈረኝ። ላይ የነበርሽው አንቺ ነሽ፣ እትዬ። እኔ መሰላሉን አቅፌ እያለቀስኩ ነበር፤ ነጠላ ጫማሽም የወደቀው ራሴ ላይ ነው። ነፋሱ ሲበርድ ወረድሽና ድንጋይ ጫንበት ብለሽኝ ልብስ ልትቀይሪ ገባሽ። አባባ ሲመጣ ያየው እኔን ነው፣ ድንጋይ ታቅፌ መሰላሉ አናት ላይ። አንተ ነህ ያዳንከው አለኝ። አዎ አልኩ። ለእኔ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ኮት ሰፋልኝ፣ አንቺን ቀሚስሽን አጨቀየሽ ብሎ ተቆጣሽ። የኮቱንም ቁልፍ የቆለፍሽልኝ አንቺ ነሽ። ያኔ አሥራ አንድ ዓመትሽ ነበር፣ ሆድ ይፍጀው ብለሽ ዝም አልሽ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል፤ እኔ ግን ወግቼም አልረሳሁትም፣ አፌን ዘግቼ ኖርኩ እንጂ። አባባ በእኔ እንደኮራ ሞተ። ከሁሉ የሚያመኝ ይሄ ነው። ይቅር በይኝ።

ሁሉንም ለእመት ላጲስ ነገርኳት። ደግሞ አላፍርም፣ ለሚያነቡት ልጆች ወንድ ሆነ ሴት ምን ለውጥ አለው አልኳት። ለእነሱ ምንም፣ ለእህትህስ አለችኝ። ልጁ ያለባቸው አሥራ አንድ ገጾች በውሃ ቀለም ተሠርተው ስለነበር ላጲስም አያጠፋቸውም። ወረቀቶቹን ሁሉ ገለበጠቻቸውና በጀርባቸው ልጅቷን መሳል አንድ ብላ ጀመረች። አሳታሚው አጉረመረመ፣ በመጨረሻ ሦስት ሳምንት ጨመረልን።

አሁን አንድ ገጽ ብቻ ቀርቷል፤ ልጅቷ ከላይ ሆና የምታየው። ሦስት ጊዜ ከራሴ ፈጥሬ ጻፍኩ፣ ሦስቴም ሰረዘችው። እሷን ጠይቃት አለችኝ። ስለዚህ እየጠየቅኩሽ ነው። እሺ ካላልሽ መጽሐፉ አይታተምም፣ ለአሳታሚውም ነግሬዋለሁ። እሺ ካልሽ ግን ያየሽውን እንደመጣልሽ ጻፊልኝ፤ አላሳምረውም፣ አልነካውም። አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ደብዳቤዬን ለእማዬ ስታነቢላት ይህን ዘለሽ ጉንፋኑን ብቻ እንደምትነግሪያት አውቅሻለሁ። እንዳትዘልዪው። አባባ ሳይሰማው ሄዷል፣ እሷ ትስማው።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ በቼዝ ያሸነፈኝን አልረሳሁም፣ አታሎኛል። ትልቁን ልጅሽን እቀፊልኝ። ለጥርሰ ወላቃዋ ለትንሿ ልጅሽ ደግሞ የላክሽልኝ ፎቶዋ ሥራ ላይ መዋሉን ንገሪያት፤ ያንቺ የልጅነት ፎቶ ስለሌለን ጣሪያው ላይ ያለችው ልጅ የእሷን ፊት ይዛለች።

እማዬ፣ ይህን የምትሰሚው በእትዬ ድምፅ ነው። እዚህ ስትደርስ ድምፅዋ ከተቆረጠ አታስቸኩያት። ውሃ ስጫትና ያን ቀን ከላይ ምን እንዳየች ጠይቂያት። እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አልጠየቅኳትም።

ታናሽ ወንድምሽ፣
መሰላል ያዡ

ከማተሚያ ቤቱ ፎቅ፣ ሐሙስ ረፋድ፣ ጥቅምት 9 ቀን