የሦስት ቀን ሐዘን ዋጋ

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ስንዴ፣ ሽንብራ፣ ጤፍ፣ ሽሮ፣ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ከሰል፣ የታሸገ ውሃ፣ የሬሳ ሳጥን። ዘጠኝ ነገር። ድንኳኑ፣ ወንበሩና ብረት ድስቱ የእድሩ ስለሆነ አይቆጠርም።

ትናንት ኮሚቴው ሥራውን ለእኔ ሰጠኝ። የእድሩ ጸሐፊ ስለሆንኩ ብቻ አይመስለኝም። ጡረታ እስክወጣ በማተሚያ ቤት አራሚ ሆኜ የሰው ስህተት ስለቅም መኖሬን ያውቃሉ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ሙላቱ፣ ሬዲዮው የዋጋ ንረቱ ረግቧል ይላል፣ ባለቤቴ ከገበያ ስትመለስ ሌላ ትላለች፣ አንቺ ዞረሽ እውነቱን አምጪልን አሉ። እሑድ ስብሰባ አለ። ወርሃዊው መዋጮ ይጨመር አይጨመር የሚወሰነው በእኔ ወረቀት ነው።

እድራችን ለሐዘንተኛ የሚሰጠው ገንዘብ የተወሰነው ከአራት ዓመት በፊት ነው። ያኔ ለቀስተኛውን ሦስት ቀን ያስተናግድ ነበር። ዛሬስ ስንት ቀን? መልሱን በከፊል አውቀዋለሁ። ባለቤቴ በግንቦት ሲያርፍ የእድሩ ገንዘብ በሁለተኛው ቀን ምሳ ላይ አለቀ። የቀረውን ከራሴ ሞላሁ፣ ለማንም አልተናገርኩም። የአንድ ሰው ሐዘን ማስረጃ አይሆንም ብዬ ይሆናል። ወይም አፍሬ።

ከስብሰባው ስወጣ እማማ ዘነበች ደጅ ቆመው ጠበቁኝ። ልደታ ማርያም በር ላይ ጧፍ የሚሸጡት ናቸው። ሰባን አልፈዋል። ጎጃም ካለ አንድ ወንድም በቀር ሰው የላቸውም።

«የምትጨምሩ ከሆነ እኔን ቀንሱኝ» አሉኝ።

ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ሠላሳ ሁለት ዓመት ከፍለዋል። ደንቡ ግልጽ ነው፣ መክፈል ያቆመ ይወጣል፣ ለወጣ ሰው ተመላሽ የለም። ለመቀበር የከፈሉት ሁሉ ቀለጠ ማለት ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ወረቀቱን በአራት ዓምድ ከፈልኩት። ዕቃው፣ የዛሬ አራት ዓመት ዋጋው፣ የዛሬ ዋጋው፣ ምክንያቱ። አራተኛውን ዓምድ ማንም አላዘዘኝም። ማወቅ ስለፈለግኩ ጨመርኩት።

ከከድር እህል ቤት ጀመርኩ። ለእድር ነው፣ የሦስት ቀን፣ አልኩት። ሚዛኑን ለቀቀና ጥቁር ልብሴን አየ። «አላህ ያጽናዎት፣ እትዬ አስቴር» አለ። ባለቤቴን አስታውሶ ነው ብዬ አሜን አልኩ። ስንዴውን፣ ሽንብራውን፣ ጤፉን አንድ በአንድ ነገረኝ። ከፈራሁት በታች ነው። ጻፍኩ።

ምክንያቱን ስጠይቀው ድምፁን ዝቅ አደረገ። የጎጃም መንገድ ሲዘጋ ጤፉ ይደበቃል፣ ሲከፈት ደግሞ ነገ ይዘጋል ተብሎ ይደበቃል፣ አለ። አዲሱ ምርት ሊገባ ነው፣ መርከስ ያለበት አሁን ነበር። ይህን ሲናገር የተቆጣ አይመስልም። የአየር ጠባይ የሚያወራ ነው የሚመስለው።

የዘይት ነጋዴዋ፦ ዶላሩ። የሽንኩርቱ ሰውዬ፦ ነዳጁ፣ በየኬላው የሚከፈለውን ሳንቆጥር። ከሰል ሻጩ፦ በሰሜን እንደገና ሊጀመር ነው እየተባለ አይደል። ምን ሊጀመር? ወደ ከሰሉ ዞረ። ያልተጀመረ ጦርነት ከሰል እንዴት ያስወድዳል? «ወሬው ቀድሞ ያስወድዳላ» አለኝ።

ይህን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ጻፍኩት። እውነት ከሆነ የምንከፍለው ያለፈውን ጦርነት ብቻ አይደለም ማለት ነው። ላይመጣ ለሚችለውም ቀብድ እየከፈልን ነው። ካልመጣ ግን ማን ይመልስልናል?

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ሳጥን ቤት። አናጢው እንጨት ይልጋል። ዋጋ ጠየቅኩት። «ቁመቱ?» አለ። ማንም አልሞተም፣ ዋጋ ብቻ ነው የምፈልገው አልኩ። መላጊያውን አስቀመጠ።

«ሳይሞት ዋጋ አይጠየቅም፣ እናቴ። ሟርት ነው።»

ወጣሁ። ልክ ነው፣ እኔም አስተዳደጌ እንደሱ ነው። ግን ዘጠነኛው ረድፍ ባዶ ሆኖ ሊቀር ነው። ባዶ ቦታ ያሳብደኛል፣ የሙያ በሽታ ነው።

ሁለተኛው ሳጥን ቤት ስገባ የአጎቴ ልጅ አርፏል አልኩ። እግዜር ያጥናሽ አሉ። ቁመቱን ጠየቁኝ። የባለቤቴን ቁመት ነገርኳቸው። ሌላ ቁመት አላውቅም።

ዋጋውን ነገሩኝና ከዚያም እኔ ሳልጠይቅ ቀነሱልኝ። አመስግኜ፣ ቤተሰብ ላማክር ብዬ ሮጥኩ ማለት ይቻላል። በሽበቴ ሰው ገደልኩ።

ማታ ደመርኩ። የእድሩ ገንዘብ ሁለት ቀን ተኩል ያስተናግዳል ይላል ወረቀቱ። ስለዚህ ሬዲዮው ልክ ነው። መዋጮው ትንሽ ቢነካ ወይም ጭራሽ ባይነካ ይቻላል። እማማ ዘነበች ይቆያሉ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን ግንቦት ላይ በሁለተኛው ቀን ምሳ ላይ አልቋል። ከግንቦት ወዲህ ረከሰ? የረከሰ ነገር አላየሁም። የትኛው ረድፍ ነው የሚዋሸው?

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ጠዋት በሩ ተንኳኳ። እማማ ዘነበች ናቸው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል፣ በፌስታል ዳቦ ይዘዋል። ሳይናገሩ ገብተው ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እንባቸውን ጠረጉ። እኔን ደግሞ ፍርሃት ያዘኝ፣ ጎጃም ያለው ወንድማቸው መሰለኝ።

«ማን ነው?» አልኩ።

«እኔ ልጠይቅሽ እንጂ። የአጎትሽ ልጅ አሉኝ። የትኛው?»

የሳጥን ቤቱ ሰዎች ለጧፍ ሻጮቹ፣ ጧፍ ሻጮቹ ለእሳቸው። ከአንድ ቀን ያነሰ ጊዜ ነው የፈጀው። ሁሉንም ተናዘዝኩ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ነጠላቸውን አገላብጠው መልሰው ለበሱና በሳቅ ፈረሱ። ዳቦውን ራሳቸው ቆረሱት።

ከዚያ የተናገሩት ግን ሳቁን አጠፋብኝ።

«ጥቁር ለብሰሽ፣ ለእድር ነው እያልሽ፣ የንፍሮ ስንዴ ስትጠይቂ ማን ሐቁን ይነግርሻል? ሰው አይደሉም እንዴ?»

ዘጠኙም ረድፍ። አንዱን ሐሰተኛ ስፈልግ ዘጠኙም ሐሰተኛ ነበሩ። ከድር ያጽናዎት ያለኝ ስለ ባለቤቴ አልነበረም። አዲስ ሞት መስሎት ነው።

እስኪ የእርስዎስ ጧፍ ስንት ጨመረ አልኳቸው። አልጨመረም። ዋጋው ያው ነው፣ ክሩንና ሰሙን ነው ያሳነሱት። ድሮ አንዱ ውዳሴ ማርያም አስደግሞ ነው የሚጠፋ፣ አሁን መሃል ላይ ይጠፋል። ሰው አይማረርም ወይ? «ጸሎቱን ያፈጥናላ» አሉ።

በዚህ ስሌት ሬዲዮው ስለ ጧፍ ቢናገር ምን ይላል? ምንም ለውጥ የለም ይላል። አይዋሽም እኮ።

ሊወጡ ሲሉ ስለ ወንድማቸው ጠየቅኩ። ስልኩ ሰባት ቀን ሆነው፣ አይሠራም። እዚያ ጨው ስንት እንደገባ እንኳን አያውቁም። «የዚያንስ ዋጋ ማን ይጽፈዋል?» ብለው ደረጃውን ወረዱ።

ማንም። የእኔ ወረቀት የሚያውቀው መንገዱ የሚያደርሰኝን ያህል ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ቁም ሣጥኑ ፊት ረጅም ሰዓት ቆምኩ። ሙት ዓመቱ ገና ነው። ጥቁሩን የማወልቀው ለዋጋ ነው ብል ማን ያምነኛል? ለእሱ ነገርኩት፣ ጮክ ብዬ። በሕይወት ቢኖር ይስቅ ነበር፣ ከዚያ አብሮኝ ይዞር ነበር።

ግራጫ ሹራብ፣ ሰማያዊ ሻርፕ። መስተዋት አላየሁም። ማንም የማያውቀኝ ሰንጋ ተራ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ከኮንዶሚኒየሞቹ ሥር ያሉትን ሱቆች አንድ በአንድ ጠየቅኩ። ለድግስ ነው አልኩ። ማንም አላጽናናኝም። ማንም አልቀነሰልኝም። አንዷ እንዲያውም፣ መደገስ ለሚችል ሰው ይህ ምኑ ነው አለችኝ። ደስ አለኝ። ስድብ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ስመለስ ከድር ጋ ጎራ አልኩ። ሻርፑን አይቶ ዓይኑን ሰበረ። እውነቱን ነገርኩትና የሰጠኝ ዋጋ ምን እንደነበር ጠየቅኩት። የመጣበትን ነው የነገርኩዎት፣ የራሴን ምንም አልጨመርኩም፣ አለ። ታዲያ ሐዘንተኛ የሚከፍለው እሱን ከሆነ ትክክለኛው ዋጋ እሱ አይደለም ወይ? እየመጣሁ ሳስበው የነበረ ጥያቄ ነው።

ስንዴውን በመዳፉ እያፈሰሰ ትንሽ አሰበ። «ለአንድ ሐዘን እችላለሁ እትዬ። ለሁሉም ከቻልኩ ግን ሱቁ ራሱ ይሞታል።»

ገባኝ። ደግነት አለ፣ ግን ተደምሮ መዋጮ አይተመንበትም።

ሳጥኑን ሟች ሳልፈጥር ጠየቅኩ። ለቤተ ክርስቲያን ሰበካ ጉባኤ አስቀድሞ የተሰጠ ዋጋ እንዳለ ያ ሟርት ነው ያለኝ አናጢ ራሱ ነገረኝ። ለካ ቀድሞ የሚጠየቅበት መንገድ አለ።

ደመርኩ። እንደገና ደመርኩ። አንድ ቀንና አንድ ቁርስ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ጋሽ ሙላቱ መጡ። መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበቡ። ስለ ቁጥሩ ምንም አላሉም። ጣታቸውን አራተኛው ዓምድ ላይ አሳረፉ።

«ይህን አውጪው።»

ለምን አልኩ። አባሎቻችንን ቁጠሪ አሉኝ። ዘመዱ ጎጃም ያለ አለ፣ ወለጋ ያለ አለ፣ ትግራይ ያለ አለ፣ ልጁ ወታደር የሆነ አለ። ጤፍ በዚህ ጦርነት ተወደደ ብለሽ ስታነቢ አንዱ ማን ጀመረው ይላል፣ ሌላው ይመልሳል። «የተሰበሰብነው ለመቀባበር ነው። ለመጣላትማ ሌላ ቦታ ሞልቷል።»

ምክንያቱን ሳያውቁ ጭማሪው ያልፋል ወይስ ይቀጥላል ብለው እንዴት ይወስናሉ አልኳቸው። እሳቸውም እንደማያውቁ ነገሩኝ። ይህን ሲሉ ያረጁ መሰሉኝ።

ዓምዱን አወጣሁት። እውነት የሆነ ነገር ሳወጣ የመጀመሪያዬ ነው ብዬ ልጽፍ ነበር። አይደለም፣ ማተሚያ ቤትም ታዝዤ አውጥቻለሁ። እዚህ እንኳ ራሴን አላታልል።

ከዚያ ወዲህ ያለው ጭንቀት ሌላ ነው። ነገ አንድ ቀንና አንድ ቁርስ ብዬ ሳነብ መዋጮው ከዕጥፍ በላይ መሆን አለበት ማለቴ ነው። እማማ ዘነበችን በአፌ አስወጣቸዋለሁ። የረቡዕን ወረቀት አልቀደድኩትም። ሁለት ቀን ተኩል ይላል። መሳቢያው ውስጥ ነው። ማንም አይጠይቀኝም።

እሑድ፣ ኅዳር 14

የዓርቡን አነበብኩ።

የኋላ ወንበር ላይ ያለ ሰው፣ እነሱ መንገድ ባይዘጉ ኖሮ አለ። ከመሃል አንዱ ተነስቶ እነሱ ማለት እነማን ናቸው አለ። ዓምዱን ያወጣሁት በከንቱ ነው፣ ሁሉም በልቡ ይዞት መጥቷል። ጋሽ ሙላቱ ጠረጴዛውን በቁልፍ መቱ፣ መቱ፣ መቱ።

ጸጥታውን ያመጡት እማማ ዘነበች ናቸው። እጃቸውን አወጡ። በስብሰባ ሲናገሩ አይቼ አላውቅም።

«እኔ ጭማሪውን አልችልም። እንደኔ ያሉ አሉ፣ አፍረው ነው። ሐዘኑን አሳጥሩት። አንድ ቀን ይበቃል። ሙት አይቆጥርም።»

መጀመሪያ አንድ እጅ፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ ሁለቱ የተጣሉት ሰዎችም። ማንም አልተቃወመም። ብዙዎቹ ወደ መሬት እያዩ ነው ያወጡት። የእኔም እጅ ወጣ። እማማ ሲወጡ ክንዴን ጨመቅ አደረጉ። አልተቀነስኩም አሉኝ።

ቃለ ጉባኤውን የምጽፈው እኔ ነኝ። ወርሃዊ መዋጮ፦ እንደነበረ። ለሐዘንተኛ የሚሰጥ፦ እንደነበረ። የለቅሶ መቀመጫ፦ ከሦስት ቀን ወደ አንድ ቀን። ከአራት ዓመት በኋላ አንዱ ጸሐፊ ይህን ገልጦ ቢያነብ የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮች አይቶ በዚያ ዘመን ምንም አልተወደደም ይላል።

በግንቦት የመጀመሪያውን ቀን አላስታውሰውም። ሰው፣ ጩኸት፣ ፀሐይ። ሦስተኛው ቀን ከሰዓት ላይ፣ ድንኳኑ ሊፈርስ ሲል፣ የባለቤቴ የድሮ ጓደኛ ስለ እሱ አንድ ነገር ነገረኝ። ወጣት ሳሉ የደመወዛቸውን ቀን ሳይጠብቁ የገዙትን ብስክሌት፣ በአንድ ቀን እንደሰበሩት። ሳቅኩ። ያለ እሱ መኖር እንደምችል ያወቅኩት ያኔ ነው። ይህ በየትኛው ረድፍ ይጻፋል?

የተጻፈውን ደግሜ አነበብኩት። ስህተት የለውም። ግን ውሳኔው የሚከለክለው ምግቡን ነው ወይስ መምጣቱን? በሁለተኛው ቀን ለቅሶ ቤት ባዶ እጃችንን ብንመጣስ? ስብሰባው ተበትኗል። ነገ ጋሽ ሙላቱን እጠይቃለሁ፣ ካልሆነ ደግሞ ሳልጠይቅ እመጣለሁ።