ሰዓዳ አልፋ ነበር

ማክሰኞ፣ የካቲት 3። ጠዋት

ምስሩን ለቅሜ ጨረስኩ። ግቢውን ጠረግኩ። እጄ ባዶ ሆነ፤ ስለዚህ ልጻፍ። ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ላንተ ልንገርህ፣ ደብተሬ። ልጄ ሰዓዳ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ አልፋ ነበር። ወደቅሽ ያልኳት እኔ ነኝ።

ጻፍኩት። ጣሪያው አልተደረመሰም። ዶሮዎቹ እንደ ልማዳቸው በር ላይ ይጭራሉ።

ለምን ዛሬ? ትናንት ከዱባይ ደውለው ነው። የሰዓዳ ልጅ ኢክራም እዚያ ዓለም አቀፍ ት/ቤት ትማራለች። አባቷ የት/ቤቱ ባስ ሾፌር ነው፤ በሠራተኛ ልጅነት ገባች። በዋና ያገኘችውን ሜዳሊያ ስልኩ ላይ አስጠግታ አሳየችኝ። ከዚያ የሒሳብ ውድድሩን ወረቀት። ከዚያ ለሳይንስ ቀን በጥጥ ላይ ያበቀለችውን ባቄላ። በጥጥ! የመካነ ሰላም ገበሬ ቢያይ ምን ይል ይሆን። ሳቅን።

ዋናው ነገር ከሳቁ በኋላ መጣ። የፊታችን ሰኞ የተማሪዎች ቀን አላቸው። እያንዳንዱ ልጅ ጀግናዬ የሚለውን ሰው ለወላጆች ሁሉ ያቀርባል። የእሷ ጀግና እኔ ነኝ። ያለ አስተማሪ ማንበብ የቻለች አያቴ፣ ብላ።

ሰዓዳ ከኋላዋ ትስቃለች። ጭንቅላቷ ባንቺ ወጥቶ ነው እማ፣ በእኔ ቢወጣማ አልቆልን ነበር አለች። ሁልጊዜ እንዲህ ትላለች። እኔም ሁልጊዜ ወሬ እቀይራለሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 5

ኢክራም የተማርሽባቸውን መጻሕፍት ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ ብላለች። ሣጥኑን ከፈትኩ። የአማርኛው ሽፋን ተገንጥሏል። የኅብረተሰብ ትምህርቱን ጥግ አይጥ በልቶታል። ሁሉም ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ ሰዓዳ መሐመድ፣ 8ኛ ለ ይላል።

መጀመሪያ ያነበብኩት ቃል ይኸው ስሟ ነው። እሷ ዓረብ አገር ከሄደች በኋላ ቤቱ ባዶ ሲሆንብኝ፣ «ሰ» የትኛዋ ናት፣ «ዳ» የትኛዋ ናት እያልኩ። ከዚያ ስሟ ውስጥ ያሉትን ፊደላት ሌላ ቃል ላይ መፈለግ። ሰው ጎበዝ ይለኛል። ከልጄ በቀማሁት ነገር ነው የተማርኩት።

ጎረቤቴ ዘውዴ መጥታ ፎቶውን አነሳችልኝ። መጽሐፉን ገልጬ እንድይዝ አዘዘችኝ። ፕሮፌሰሯ፣ ስምሽ ዱባይ ሊጠራ ነው፣ እኛማ ጨው ስንበደርሽ ብቻ ነው የምናውቅሽ አለች። የሰዓዳን ስም በአውራ ጣቴ ሸፈንኩት። ዘውዴ ጣትሽን አንሺ እንጂ አለች። አላነሳሁም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 7። የአስር ሶላት ሰግጄ

ገበያ፣ በርበሬ ተራ። ከመ/ር ይመር ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን። የሰዓዳ አስተማሪ የነበሩ። ሳያቸው መንገድ የምቀይርባቸው ሰው ናቸው፤ ዛሬ መቀየሪያ ጠፋ። ጡረታ ወጥተዋል፣ ከዘራ ይዘዋል። ሰላምታው አያልቅም። ያቺ ልጅ እንዴት ናት አሉኝ። አልሐምዱሊላህ ደህና ናት አልኩ።

ስማ ደብተሬ፣ ምን እንዳሉኝ።

«ደሴ ድረስ ሄጄ አዳሪ ት/ቤት ለመንኩላት፣ እትየ ፋጡማ። ከሴቶቹ አንደኛ ወጥታ! ጥላው ሄደች። ደህና ይዋሉ እንኳ ሳትለኝ። አዝኜባት ነበር። ልጅ ናት፣ የዓረብ አገር ወሬ አታሏት ነው። ይቅር፣ አውፍ ብያታለሁ።»

አውፍ ብለዋታል። እሷን።

የሆነው እንዲህ ነበር። የዓረብ አገር ሥራ ቪዛው መጥቷል፤ ለመሄድ ሦስት ቀን ቀርቷታል። የመንገዷ ዱዓ ተደርጓል፤ በግ ታርዷል፣ ሽማግሎቹ እጃቸውን ዘርግተው መርቀዋታል፣ መንደሩ ሁሉ አሚን ብሏል። ዱዓ የተደረገበትን መንገድ ያስቀረ ሰው መዓት ያገኘዋል ብለን እናምን ነበር። ባሌ ከሞተ ዓመት አልሞላም፤ ሌላ መዓት የምችልበት አቅም አልነበረኝም። ሰዓዳ አክስቷን ልትሰናበት ደጎሎ ሄዳለች። በዚያ ቀን መ/ር ይመር ደጃፌ ላይ ቆመው አልፋለች አሉኝ። ፊታቸው በርቷል። እነግራታለሁ አልኩ።

ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ ውጤቱን ጠየቀችኝ። መምህርሽ መጥተው ነበር፣ ነጥብ አልመጣልሽም አሉ አልኳት። እንስራውን አንስታ ውሃ ልትቀዳ ወረደች። ያን ቀን ቤት ውስጥ ውሃ ነበረን።

ዛሬ ለመ/ር ይመር ምን አልኳቸው? አላህ ያክብርዎ። ይህንኑ ብቻ። በርበሬውንም ሳልገዛ ተመለስኩ።

ሰኞ፣ የካቲት 9። ከመግሪብ ሶላት በኋላ

ቪዲዮው ደረሰ። ዘውዴና እኔ ስልኩ ላይ ተደፋን። ኢክራም ነጭ ሸሚዝ ለብሳ መድረክ ላይ። ከኋላዋ ትልቅ ስክሪን፣ እሱ ላይ የእኔ ፎቶ። አውራ ጣቴ የበር ያህል ሆኗል።

በእንግሊዝኛ ነው የምትናገረው። ሰዓዳ በድምፅ ተርጉማ ልካልኛለች። እናቴ ፈተና ወድቃ ትምህርት አቆመች፣ አያቴ ግን በእናቴ መጻሕፍት ጀመረች፣ ስለዚህ ማንም ወድቄያለሁ ብሎ አያቁም። አዳራሹ አጨበጨበ። ካሜራው ሲዞር ሰዓዳ ታየች፣ የሠራተኛ ቤተሰብ የተቀመጠበት ጥግ። ከሁሉም በላይ የምታጨበጭብ እሷ ናት።

ኢክራም አንደኛ ወጣች። ከሌሎች ት/ቤቶች ጋር ለሚደረገው ውድድር ተመርጣለች፤ ከረመዳን በኋላ ይህንኑ ደግማ ታቀርባለች። ዘውዴ እልል አለች። የሰዓዳ ድምፅ መጨረሻ ላይ እንዲህ ይላል፦ «አየሽ እማ፣ መውደቄ እንኳ ለአንድ ነገር ጠቀመ።»

ዶሮዎቹን አስገባለሁ ብዬ ወጣሁ። ገብተው ነበር።

ረቡዕ፣ የካቲት 11

የረመዳን ጾም ገባ። ውሃ ጥሙ አይደለም የሚከብደኝ። ምላሴን ከውሸት እጾማለሁ ብዬ በልቤ ነይቼ፣ ገና ከጠዋቱ ዘውዴ ምን ሆነሽ ከሳሽ ስትለኝ ጉንፋን ነው አልኩ።

ዝም ብል ማን ይጎዳል? ነገሩ አርጅቷል። ሰዓዳ ባል አላት፣ ቤት አላት፣ ልጅ አላት። ብናገር የኢክራም ሽልማት ምን ይሆናል? ሕፃኗን በምን ዓይኔ አያታለሁ? እንዲህ እያልኩ እስከ ቀትር፣ እስከ ዙህር ሶላት ተመላለስኩ። ዝም ልበል ብዬ ቆረጥኩ። ቀለል አለኝ።

ከዚያ ሰዓዳ ደወለች። ት/ቤቱ ለሠራተኞችና ለሚስቶቻቸው የማታ ትምህርት ከፍቷል፤ ባሏ ተመዝግቧል። አንቺስ አልኳት። ሳቀች። ተይኝ እማ፣ የእኔን አንጎል አንቺም ታውቂዋለሽ፣ መንግሥት ራሱ ፈትኖ መልሶኛል አለች። የኢክራምን የቤት ሥራ እንኳ አትከፍትም፤ አባትሽን ጠይቂ ነው የምትላት። ምዝገባው ሊዘጋ ነው።

እኔ ነኝ የመለስኩሽ ልላት አፌን ከፈትኩ። ኢክራም መጣች፣ አዲስ የተማረችውን መዝሙር ልታሰማኝ። ሰማሁ። ማሻአላህ አልኩ።

ቀለል ያለኝ ነገር ተመልሶ ከበደ።

ሐሙስ፣ የካቲት 12። ጠዋት

መ/ር ይመር ቤት ሄድኩ። ቁጭ በይ አሉኝ፤ ቆሜ ነገርኳቸው። ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። ወደቀ። አላነሱትም። እኔ አነሳሁት።

«ታዲያ አውፍ ያልኩት ያልበደለኝን ሰው ነዋ» አሉ። በር ድረስ አልሸኙኝም። ልክ ናቸው።

ለሰዓዳ ደውዬ አልነግራትም። ገና ስጀምር ይሁን እማ፣ ተይው ትለኛለች። ልታጽናናኝ ትቸኩላለች፤ ልማዷ ነው። ልታጽናናኝ አይገባም። ብቻዋን ሆና ታንብበው፣ ትቆጣ፣ ትጩህብኝ፣ ባትደውልም መብቷ ነው። ለኢክራም ንገሪ አትንገሪ አልልም፤ እሱ የሰዓዳ ፈንታ ነው። ብቻ ምዝገባው ሳይዘጋ ይድረስላት።

ዘውዴን ጠርቻታለሁ፣ በስልኩ ፎቶ አንስታ ትልክልኛለች። ምን እንደሆነ ማንበቧ አይቀርም። ታንብብ። መጀመሪያ የአማርኛ መጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ፣ አውራ ጣቴ የሌለበት። ቀጥሎ እነዚህ ገጾች፣ ከማክሰኞ እስከዚህ መስመር፣ አንዱም ሳይቀር። የሚቀበለውን ሰው ስም እዚህ እጽፋለሁ፦

ሰዓዳ መሐመድ፣ 8ኛ ለ፣ ያለፈች።